ከ«ተመለስ» በኋላ ያለችው ዝምታ

ካሴት የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። እናቱ ያወጣችለት ስም ከመታወቂያው ላይ በቀር የትም የለም፤ ሚስቱ እንኳ የምታነሳው ስትቆጣ ብቻ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ይቀይራል፣ አልሞላ ያለ ባትሪ ይፈትሻል። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ግን ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው። የሚገዛ የለም፤ ቢገኝም አይሸጥም። አንዳንዱ ወጣት «ጋሼ፣ እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀው ቆሽቱ እርር ይልና የልጁን ስልክ ብሎን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ይመልስለታል።

ይህችው ሱቅ ድሮ ካሴት ማባዣ ነበረች። እሱም በሃያ ሦስት ዓመቱ ተቀጥሮ የገባባት፣ አሠሪው ሲያረጅ ደግሞ ተረክቧት የቀረ ሰው ነው። አባቱ ሙያ ይኑረው ብለው ሲጨቀጭቁት ኖረው «ቁልፍ መጫንም ሙያ ነው?» እንዳሉ ሞቱ። ሥራው በእርግጥ ቁልፍ መጫን ነበር።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከ«ልጆቹ» ነው። «ልጆቹ» የሚባሉት የሮክ ባንድ ናቸው። ዛሬ ከመሀላቸው ስድሳ ያልሞላው የለም፤ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጉልበቱን ስለሚያመው ወንበር ይቀርብለታል፤ ዘፋኙ ያለ መነጽር የራሱን ግጥም ማንበብ አይችልም። ለአድናቂዎቻቸው ግን አሁንም «ልጆቹ» ናቸው፤ በዚህም የሚያፍር ሰው አላየሁም።

«ልጆቹ» የመጀመሪያ ሥራቸውን ይዘው ወደ ማባዣው ሲመጡ ድራመራቸው በመኪና አደጋ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም ነበር። የማባዛት ሥራው እንዲህ ነው፦ ባንዱ ያመጣው ካሴት አንዱ ማሽን ላይ ይጫወታል፤ ሌላው ማሽን ይቀዳዋል፤ ያ የተቀዳው ማስተር ይባላል፤ ለገበያ የሚወጣው ሺህ ካሴት በሙሉ የሚባዛው ከማስተሩ ነው። ማስተሩ ላይ የተሳሳተ ሰው ሺህ ጊዜ ተሳሳተ ማለት ነው። በአራተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ዘፋኙ «ተመለስ» ይላል፤ ድራሙም ከአፉ ነጥቆ ይገባል። ካሴት እየቀዳ እዚያ ላይ ሲደርስ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆመችና የታላቅ እህቷ ካሴት ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። ቀና ብሎ ሲያያት እጁ ጠፋበት። ሁለቱንም ማሽኖች ላቁም ብሎ የሚያጫውተውን ብቻ ፖዝ ተጫነው። የሚቀዳው መዞሩን ቀጠለ። ሁለት ሰከንድ ያህል ባዶ ቀዳ። ካሴት ልብ ሲል በጣቱ ፖዙን ለቀቀው፤ ድራሙም ካቆመበት ገባ።

ከመጀመሪያው መቅዳት ነበረበት፤ ይህንን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ግን ልጅቷ ቆማ እያየችው ነው፤ የተሳሳተ ሰው መምሰል አልፈለገም። እንደ ዋዛ አለፈው። ያቺ ልጅ ዛሬ ሚስቱ ናት፤ በክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ የሰው ፋይል ስታገላብጥ ስለምትውል ስለ ማንም ብዙ አትደነቅም።

ካሴቱ ወጣ። ሰውም «ተመለስ» ከሚለው ቃል በኋላ ያለችውን ዝምታ ሰማና አለቀሰ። ለሟቹ ድራመር የተደረገች የኅሊና ጸሎት ናት ተባለ፤ እሱ በሌለበት ድራሙ እንዴት ወዲያው ይገባል ተባለ። በመጀመሪያው ኮንሰርት ላይ «ልጆቹ» ዘፈኑን እንደቀዱት ሳያቋርጡ ተጫወቱት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ግን «ተመለስ» ሲባል ከመቀመጫው ተነስቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፀጥ አለ። ድራሙ ብቻውን ሲንኳኳ ለሰሚው አሳፋሪ ነበር። ከሁለተኛው ኮንሰርት ጀምሮ እነሱም ዝም ማለት ጀመሩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ካሴት በመጀመሪያ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ አፉን ዘጋ። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲይዝ እሱም ከሕዝቡ መሀል ቆሞ በልቡ «እኔ ነኝ» ይላል። በሕይወቱ ሙሉ ሌላ «እኔ ነኝ» የሚልበት ነገር አላገኘም። የሚያውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ፍቅራቸው ትኩስ በነበረበት ጊዜ «የኛ ፖዝ» ትላት ነበር፤ እሱ እሁድ እሁድ ከአድናቂዎቹ ጋር እየዋለ እሷ ብቻዋን መዋል ስትጀምር «ያቺ ስህተትህ» አለቻት።

ከአድናቂዎቹ ሁሉ የቅርብ ጓደኛው ቲቸር ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ የማይለየው። ቲቸር አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። ወንድምየው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤት ሲወጣ «መጣሁ» አለ። ሰው ሊወጣ ሲል እንደሚለው፣ ጫማውን እያጠለቀ። አልመጣም። ሆስፒታል ተፈለገ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተፈለገ፤ አስከሬን እንኳ አልተገኘም። ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። ቲቸር ዘፈኑ ሲጫወት እንደ ሌላው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አያደርግም። «ተመለስ» ሲባል አንገቱን አዙሮ ወደ በሩ ያያል። ሁለት ሰከንድ ያያል፤ ድራሙ ሲገባ ይመለሳል። አድናቂው ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ቀን ያነሳበት ሰው የለም።

ካሴትም አያነሳበትም። እውነቱን ካወጣ የቲቸር በር እንደሚዘጋ ያውቃል። ጓደኛው እንደ ጤነኛ ሰው እየበላ እየጠጣ የሚኖረው በዚያች ሁለት ሰከንድ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ ምስጢሩ ከኩራትነቱ አልፎ አደራ ሆነ። አደራ ተቀባይ ደግሞ መናገር ሲያምረው ምላሱን መንከስ አለበት።

ይህ ሁሉ እንዳለ ባለፈው ዓመት «ልጆቹ» መግለጫ አወጡ። ራሳችንን እንደ አዲስ ልንሠራ ነው አሉ። በኮምፒውተር የተሠራ ምት ይገባል፤ አንዲት ወጣት ድምፃዊት ትጨመራለች፤ አሥሩ የድሮ ዘፈኖች እንደገና ይቀዳሉ። አድናቂዎች ምን ትላላችሁ ብለውም ጠየቁ። ጉድ ፈላ።

ክርክሩ የተደረገው በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። የማሠልጠኛው ባለቤት አድናቂ ስለሆነ እሁድ እሁድ ክፍሉን ይለቅላቸዋል። ግድግዳው በመንገድ ምልክት የተሞላ ነው። ለውጡን ደግፎ የተነሳው ጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው። የተቀመጠው «ወደ ኋላ መዞር ክልክል ነው» ከሚለው ምልክት ሥር በመሆኑ ገና አፉን ሳይከፍት ተሳቀበት። እሱ ግን ቀጠለ። እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ዓመት አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሰው አሥር ዘፈን ሲደጋግሙ እኛ አጨብጭበን አጨብጭበን በቁማቸው ቀበርናቸው አለ። እኔ የበሰበሰ ጥርስ የምነቅለው ሰውየውን ጠልቼው አይደለም አለ። አንዱ ከኋላ የሐኪሙን እጅ የቀመሰ እንደሆነ ተናግሮ ጉንጩን ሲይዝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቲቸር ሲነሳ ሳቁ ቆመ። ረጅም ንግግር አላደረገም።

«አዲስ የፈለገ አዲስ ባንድ ይስማ» አለ። «ከተማው ሁሉ አዲስ ነው፤ የማውቀው መንገድ እንኳ በየወሩ ይጠፋብኛል። እኔ የምለምነው አንድ ያልተነካ ነገር ብቻ ነው።»

ከሁሉም በላይ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረው ግን ካሴት ነው። የድሮው ድምፅ ሙቀት አለው አለ፤ ኮምፒውተር ልብ የለውም አለ፤ የድሮ ዘፈን እንደገና መቅዳት ሟቹን ድራመር ሁለተኛ መግደል ነው አለ። ይህችኛዋን ሲል ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። ሌላውም ያለው ውሸት አልነበረም፤ ግን የፈራው ያንን አልነበረም። ዘፈኑ እንደገና ከተቀዳ እሱ በዓለም ላይ ያኖራት ብቸኛ ነገር ትጠፋለች። ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ፤ በሚቀጥለው እሁድ ዘፋኙ ራሱ መጥቶ እንዲሰማቸው ተወሰነ።

ዘፋኙ በቀጠሮው መጣ። ጥቁር የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ ነበር፤ ዚፑ ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎ ክፍት ሆኗል። ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ከፊት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል አዳመጣቸው፤ ሲያዳምጥም ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ ነበር። በመጨረሻ ጥርስ ሐኪሙ ሁሉም የፈራውን ጥያቄ አነሳ፦ «ተመለስ» ላይ ያለችው ዝምታ በአዲሱ ቅጂ ትኖራለች ወይ?

ዘፋኙ መነጽሩን አወለቀ።

«እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «ያቺ ዝምታ የኛ አይደለችም። እኛ ስንቀዳ አልነበረችም። አንድ ግድ የለሽ ካሴት ቀጂ ተኝቶ የፈጠራት ስህተት ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሱን እንቅልፍ ስንዘፍን ኖርን።»

ክፍሉ ክው አለ። ሰውየው ግን አንዴ ጀምሯልና አላቆመም። ለሟቹ ጓደኛቸው የሠሩት ዘፈን ሁለተኛው እንደሆነ፣ ግጥሙን ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት እንደጻፈው፣ ኮንሰርት ላይ ያ ዘፈን ሲጀመር ሰው ሁሉ ውሃ ሊገዛ እንደሚወጣ ተናገረ። የኛን ኀዘን ማንም አልሰማልንም፤ የአንድ እንቅልፋምን ጣት ግን ቆማችሁ ሰማችሁ አላቸው። እውነት ለመናገር በዚያ ክፍል ውስጥ ከሱ የባሰ የተበደለ ሰው አልነበረም፤ ማንም ግን ለሱ አላዘነም።

ቲቸር ጃንጥላውን ተደግፎ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ እውነት አይደለም» አለው ዘፋኙን። «ረስተውት ይሆናል። ማስተሩን የቀዳው ሰው እዚሁ አለ።» ወደ ካሴት ዞረ። «አንተ ነበርክ። ካሴታቸው ላይ ነበረች አልነበረችም? ንገራቸው።»

አንዲት ቃል ናት የምታስፈልገው። «ነበረች» ቢል ዘፋኙ ሊያስተባብል አይችልም፤ ባንዱ ያመጣው ካሴት ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ካሴት ይህንን ያውቃል። አፉንም የከፈተው «ነበረች» ሊል ነው። ግን «ተኝቶ» የምትለው ቃል ከጆሮው አልወጣችም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙ አንዴ ሳይነሳ ኖሮ፣ ሲነሳ እንቅልፋም ተብሎ ይነሳ? የአባቱ ድምፅ ሳይቀር መጣበት።

«አልተኛሁም ነበር» አለ።

ቲቸር አልገባውም። «ምን?»

«ሰው ገብቶብኝ ነው እንጂ አልተኛሁም። ፖዝ የተጫንኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ዘፋኙ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ተነስቶም ካሴትን አቀፈው። «አንተ ነህ እንዴ ወንድሜ! ስንት ዓመት ስረግምህ ኖርኩ መሰለህ!» አለው። ስልክ ወጣ፣ ፎቶ ተነሳ። ካሴት የሚወደው ሰው ክንድ ትከሻው ላይ ነበረ፤ ሰው ሁሉ ስሙን ይጠራ ነበረ፤ ፈገግ አለ። እውነቱን ልናገርና ለጥቂት ደቂቃ ደስ ብሎት ነበር። በዚያ መሀል የማሠልጠኛው ባለቤት ለውጡን የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲል ከአርባው ሰው ሠላሳ ስድስቱ እጁን አወጣ። የካሴትን ድምፅ ማንም አልቆጠረው፤ ፎቶ ላይ ነበር። ቲቸርን ሲፈልገው ወንበሩ ባዶ ነው። ጃንጥላው ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ቀርቷል።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ አላቋረጠችም።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት የያዝከውን ሁለት ሰከንድ መያዝ አቃተህ?» አለችው። ሌላ ሸሚዝ አንስታ ደግሞ፦ «‹ሰው ገብቶብኝ› ነው ያልከው? እኔ ነኝ ‹ሰው›?»

ያን ዕለት እራቱን ብቻውን በላ።

አዲሱ ሥራ በሦስተኛው ወር ወጣ። ዘፋኙ «ተመለስ» ይላል፤ ወጣቷ ድምፃዊት ትቀበለዋለች፤ የኮምፒውተሩ ምት ወዲያው ይገባል። ያምራል፤ ይህንን ካሴትም አልካደም። ታክሲው ሁሉ ዘፈኑን ይዞ ይበራል። የካሴት ስምም ተቀየረ። በር ላይ የሚያልፍ ሁሉ «ጋሽ ፖዝ!» ይለዋል፤ አንዳንዱ እየሄደ ሁለት ሰከንድ ቀጥ ብሎ ይቆምለትና ይስቃል። ከዘፋኙ ጋር የተነሳውን ፎቶ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት አወረደው።

ለቲቸር ሲደውል አይነሳም። ጃንጥላውን ይዞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደ። ቲቸር ከቢሮ ወጥቶ ተቀበለውና አመስግኖ፣ «ክፍል አለኝ» ብሎ ተመለሰ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ካሴት እግሩ ላይ ወድቆ ይለምነው ነበር፤ ላልተቆጣ ሰው ምን ተብሎ ይወደቃል?

አምስት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ ቲቸር ሱቁ መጣ። ከስቷል። አንድ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ እስኪወጣ ደጅ ጠበቀና ገባ። ስለ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ አዲሱ ዘፈን ተከፍቶበታል።

«የድሮውን መስማት አልቻልኩም» አለ። «ዝምታዋን እዚህኛው ላይ አስገባልኝ። ታውቅበታለህ።»

ካሴት እጆቹን በሱሪው ጠረገ። ከመደርደሪያው ሥር የድሮውን መቅጃ ማሽን አወጣ፣ አቧራውን እፍ አለበት፣ ስልኩን በሽቦ አያያዘው፣ አንድ ባዶ ካሴት ከነላስቲኩ ፈልጎ ከፈተ። ቲቸር «ስትሠራ ማየት አልፈልግም» ብሎት ወጣ፤ ማቆሚያው ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ካሴት በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። መቅጃው መዞር ጀመረ። «ተመለስ» ሲባል ያችኑ ጣቱን የስልኩ መስታወት ላይ አሳረፈ። አንድ፣ ሁለት። መስታወቱን ደግሞ ነካው። መልሶ ሲሰማው ልክ ነበረች፤ አልረዘመችም አላጠረችም፤ ያችው ናት። አሁን ስህተት እንኳ አይደለችም፤ ለወዳጅ ታስባ የተሠራች ናት። ተስፋ አደረገ፤ አልደብቅም፣ አብሬው እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር።

ቲቸርን ጠራው። ገባ፤ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ። ካሴት ማሽኑን ከፈተው። ውጭ አውቶቡስ ቆሞ ሰው እየወረደ ነው፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ደረሰ፤ ዘፋኙ «ተመለስ» አለ፤ ዝምታዋ መጣች።

ቲቸር ወደ በሩ አልዞረም። ዓይኑ ባንኮኒው ላይ ያረፈችውን የካሴትን ጣት እያየ ነበር። ካሴት እጁን ሰብስቦ ከባንኮኒው ሥር ደበቀ፤ ግን ድራሙ ገብቶ ነበር።